ወተቷ ከነጠፈ በኋላ፦ ላምና በሬ በሂንዱዎች የአምልኮ ሕይወት

ሕንዶች ላም ያመልካሉ የሚለው አባባል፣ በአንድ ወቅት በየክፍለ ሀገሩ ካስተማሩ ሕንዳውያን መምህራንና በየሲኒማ ቤቱ ከታዩ የሕንድ ፊልሞች ጋር በኢትዮጵያ ተሰራጭቶ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይመረመር እንደ ዘበት ሲነገር የኖረ ነው። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የላሚቱን ግንባር ቀይ ዱቄት የሚቀባ፣ በፊቷ መብራት የሚያዞር፣ እግሯን ነክቶ እጁን ወደ ግንባሩ የሚመልስ ምእመን በሰሜን ሕንድ ከተሞችና መንደሮች በየዕለቱ ይታያል። ሆኖም አባባሉ የሚያሳየው አበባ የተንጠለጠለባትን ላም ብቻ ሲሆን፣ እበቷን ማን እንደሚዝቅ፣ ወተቷ ሲነጥፍ ማን እንደሚቀልባት፣ ወንድ ጥጃዋ አድጎ የሚጎትተው ሞፈር ሲያጣ ወዴት እንደሚነዳ፣ ስትሞትም ሬሳዋን የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ አይነግርም። ሂንዱዎች ራሳቸው እርስ በርስ አጥብቀው የሚከራከሩት ግን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው፤ የክብሩም ልክ የሚታየው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከብቱ ምንም መስጠት ባቆመበት ጊዜ ነው።

## በእረኛው አምላክ አገር

ከዴልሂ በስተደቡብ፣ በያሙና ወንዝ ዳር የተዘረጋውና ብራጅ የተባለው አገር ማቱራን፣ ቭሪንዳቫንንና ጎቫርዳንን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ክሪሽና የተባለው አምላክ ተወልዶ በእረኞች መካከል ያደገው በዚህ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሂንዱ አማልክት መካከል እንደ ክሪሽና ለላም የቀረበ የለም፤ ጎፓልና ጎቪንዳ በሚሉት ስሞቹ ሲጠሩት የከብት ጠባቂነቱን ማንሣታቸው ነው፤ ሕፃን ሳለ ቅቤ እየሰረቀ እንደሚበላ፣ ሲጎለምስም ዋሽንት እየነፋ መንጋውን እንደሚሰበስብ የሚተርኩት ታሪኮች በሥዕል፣ በዝማሬና በጭፈራ ተደጋግመው ይቀርባሉ። ስለዚህ በብራጅ ላም የሚያገለግል ሰው አምላኩ ራሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ እንደሚሠራ ይቆጥረዋል፤ በሌላ ቦታ ዝቅ ብሎ የሚታየው የበረት ሥራ በዚህ ክብር ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎሻላ የሚባለው ላሞችና በሬዎች የሚጠለሉበት፣ የሚታከሙበትና እስኪሞቱ ድረስ የሚጦሩበት ግቢ ነው። አንዳንዱ የቤተ መቅደስ ንብረት ሲሆን፣ ሌላው በነጋዴዎች ምጽዋት ወይም በአንድ ባሕታዊ ዙሪያ በተሰበሰቡ ተከታዮች ይተዳደራል። በእነዚህ ግቢዎች ሥራ የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ አገልጋዮቹ በቅድሚያ የሌሊቱን እበት ይዝቃሉ፣ ወለሉን ያጥባሉ፣ ጭዱንና ለምለሙን መኖ ከትፈው በገንዳው ያፈስሳሉ፣ ከዚያም ጥጃዎቹን ፈትተው ወደ እናቶቻቸው ይለቅቃሉ። ደንቡ በሚጠበቅበት ጎሻላ ጥጃው ድርሻውን ሳይጠባ ላሚቱ አትታለብም። ላሞቹ እንደ ጋንጋ፣ ያሙና፣ ላክሽሚና ራዳ ባሉ የወንዝና የአማልክት ስሞች ይጠራሉ፤ ጠባያቸውን፣ ሕመማቸውንና የወለዱበትን ወቅት ጠንቅቀው የሚያውቁት አገልጋዮችም የቤተሰብ አባል እንደሚያነሡ ሆነው ስለ እያንዳንዷ ይናገራሉ። ጠዋትና ማታ ከባሕር የተገኘ ዛጎል ይነፋል፤ በቅቤ የተነከረ ጧፍ የሚነድበት መብራትም በላሚቱ ፊት በክብ ይዞራል። አርቲ የሚባለው ይህ ሥርዓት በቤተ መቅደስ በአማልክቱ ምስል ፊት የሚፈጸመው ራሱ ነው።

ምእመናን ይህን ሁሉ ሴቫ ይሉታል፤ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ለአምላክ እንደ ተደረገ የሚቆጠር አገልግሎት ማለት ነው። መብራት ማዞሩ ጥቂት ደቂቃዎች ሲወስድ፣ እበት መዛቁ፣ መኖ መክተፉና ቁስል ማጠቡ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ የጎሻላ ሽማግሌዎችም ለአዲስ መጤ አገልጋይ በቅድሚያ የሚሰጡት አካፋውን እንጂ መብራቱን አይደለም። በየቤቱም ቢሆን ሴቫው በትንሹ ይፈጸማል፤ በሰሜን ሕንድ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ከምጣድ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቂጣ የላም፣ የመጨረሻዋ የውሻ ናት፣ ሰው የሚበላው በመካከል ያለውን ነው።

> ለአዲስ መጤ አገልጋይ በቅድሚያ የሚሰጠው አካፋው እንጂ መብራቱ አይደለም።

ላም «እናት» የተባለችበትን ምክንያት ሲያስረዱ ካህናትም ሆኑ ገበሬዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል ነው፦ ወላጅ እናት ልጇን ለጥቂት ጊዜ ታጠባለች፣ ላም ግን የሰውን ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ታጠባለች፤ ስለዚህ ባለዕዳዋ ነው። ከአፈ ታሪኩ ወገን ደግሞ አማልክትና አጋንንት የወተትን ባሕር በናጡ ጊዜ ከባሕሩ የወጣችው፣ የተለመናትን ሁሉ የምትሰጠው ካማዴኑ የተባለችው ላም አለች። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሕትመት በተሰራጩት ሥዕሎች ላይ አማልክት ሁሉ በላም ሰውነት ውስጥ በየቦታቸው ተቀምጠው ይታያሉ፤ ላምን መመገብ አማልክትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መመገብ ነው የሚለው አስተሳሰብም በእነዚህ ሥዕሎች አማካይነት በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅሏል። ሰው ሲሞት ነፍሱ ቫይታራኒ የተባለውን አስፈሪ ወንዝ የምትሻገረው የላም ጭራ ይዛ ነው ስለሚባል፣ ለካህን ላም በስጦታ መስጠት ከታላላቆቹ የጽድቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል።

## የእበት ተራራ

በእበት ወለል መለቅለቅና ኩበት አድርቆ ማንደድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሂንዱዎች ዘንድ ግን እበት ከጥቅሙ በላይ የማንጻት ኃይል አለው፤ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ሽንትና እበት በአንድነት ፓንቻጋቭያ ተብለው በንጽሕና ሥርዓት ውስጥ ይገባሉ። ከሰውና ከሌሎች እንስሳት የሚወጣው ሁሉ የሚያረክስ ሆኖ ሳለ፣ ከላም የሚወጣው መቀደሱ የከብቱን ልዩ ስፍራ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ያሳያል።

ይህ በግልጽ የሚታይበት በዓል ከዲዋሊ፣ ማለትም ከመብራቶች በዓል ማግስት የሚውለው የጎቫርዳን በዓል ነው። ባጋቫታ ፑራና የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ወጣቱ ክሪሽና የብራጅ እረኞች የዝናብ አምላክ ለሆነው ለኢንድራ የሚያቀርቡትን መሥዋዕት ትተው፣ ለከብቶቻቸው ሣር የሚያበቅለውን የጎቫርዳንን ተራራ እንዲያከብሩ መከራቸው፤ ኢንድራም ተቆጥቶ ዶፍ ባወረደ ጊዜ ክሪሽና ተራራውን በትንሿ ጣቱ አንሥቶ ሰዎችንና ከብቶችን 7 ቀን ሙሉ ከሥሩ አስጠለላቸው። ዛሬ በዚያ ቀን በየደጃፉ ከእበት ተራራ ይሠራል፤ በሣርና በአበባ ያጌጣል፤ በመካከሉ የክሪሽና ምስል ይቀረጻል፤ በዙሪያውም ትናንሽ የእበት ላሞች ይደረደራሉ። ላሞቹ ታጥበው፣ ቀንዳቸው ቀለም ተቀብቶ፣ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላቸው ከሰው በፊት ይመገባሉ። እውነተኛው የጎቫርዳን ተራራ በጊዜ ብዛት ዝቅ ያለ የድንጋይ ኮረብታ ሲሆን፣ ምእመናን ዙሪያውን 21 ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግራቸው ይዞሩታል፤ ከመካከላቸውም እየተነሡ እየተደፉ፣ በቁመታቸው ልክ ምድሩን እየለኩ የሚዞሩ አሉ።

በራጃስታን የምትገኘው ናትድዋራ በዚህ በዓል የምትታወቀው በሌላ ምክንያት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጎቫርዳን ወደዚያ የተወሰደው፣ ተራራውን በእጁ ያነሣ ክሪሽናን የሚያሳየው የሽሪናትጂ ጥቁር ምስል በቫላባቻርያ (1479–1531) የተመሠረተው ወገን ማዕከል ነው፤ ዓመታት ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጠቅሰዋል። በበዓሉ ቀን የቤተ መቅደሱ ላሞች በእጅ ቅርጽ ቀለም ታትሞባቸው፣ ቀንዳቸው ላይ ጌጥ ተደርጎላቸው ወደ ግቢው ይገቡና ከእበት የተሠራውን ተራራ እንዲረግጡት ይደረጋል፤ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በላም ኮቴ ነው። ከምስሉ በስተኋላ የሚሰቀሉትና ፒችዋይ የሚባሉት የጨርቅ ሥዕሎችም ላሞችን በረድፍ፣ ዓይናቸውን ወደ አምላካቸው አንሥተው ያሳያሉ። የናትድዋራ ሠዓሊዎች ከሰው ፊት ይልቅ የላም ዓይን ላይ የሚደክሙ ይመስላሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

## ጆሮው ውስጥ የሚንሾካሾኩለት ኮርማ

ክሪሽናን በሚከተሉት ዘንድ ላም ከፊት ብትሆን፣ ሺቫ የተባለውን አምላክ በሚከተሉት ዘንድ ከፊት ያለው ናንዲ የተባለው ኮርማ ነው። ናንዲ የሺቫ መጓጓዣና በረኛ ሲሆን፣ በየሺቫ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ አዙሮ ተቀርጾ ይገኛል። በደቡብ ሕንድ በሌፓክሺና በማይሶር ቻሙንዲ ኮረብታ ያሉት ናንዲዎች ግዙፎች ሲሆኑ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። ምእመኑ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ልመናውን በናንዲ ጆሮ ይንሾካሾካል፤ ኮርማው መልእክቱን ያደርሳልና። በእርሱና በአምላኩ መካከል አቋርጦ ማለፍም ነውር ነው፤ የኮርማውን እይታ መከለል ይሆናል።

በቤንጋሉሩ ከተማ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በከተማዋ መሥራች በኬምፔ ጎውዳ ዘመን ስለ ተሠራው የኮርማ ቤተ መቅደስ የሚነገረው አፈ ታሪክ ደግሞ ከገበሬው ሕይወት የተቀዳ ነው። አንድ ኮርማ በየሌሊቱ የኦቾሎኒ ማሳ ያጠፋ ነበር፤ ገበሬው አድብቶ በዱላ ሲመታው ኮርማው ባለበት ወደ ድንጋይ ተለወጠ፤ የተጸጸቱት ገበሬዎችም ቤተ መቅደስ ሠሩለት። እስከ ዛሬ ድረስ በዓመት አንድ ጊዜ የአካባቢው ገበሬዎች የመጀመሪያውን የኦቾሎኒ ምርት ይዘው በመምጣት በዚያ ሰፈር ታላቅ ገበያ ያቆማሉ። ኮርማ ማሳ ሲያጠፋ የሚሰማው ንዴትና ኮርማን መምታት የሚያስከትለው ፍርሃት በአንድ ታሪክ ውስጥ አብረው መኖራቸው፣ ኋላ ላይ እንደሚታየው፣ የዛሬ የሕንድ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው።

የበሬውና የኮርማው ክብር ጥልቅ ምክንያት ግን ከባጋቫታ ፑራና ሌላ ታሪክ ይገኛል። ዳርማ፣ ማለትም ዓለምን የሚያቆመው የጽድቅ ሥርዓት፣ በኮርማ ተመስሎ ይቀርባል፤ አራቱ እግሮቹም ተጋድሎ፣ ንጽሕና፣ ርኅራኄና እውነት ናቸው። ዘመናት እያለፉ ሲሄዱ እግሮቹ አንድ በአንድ ተሰብረው፣ በአሁኑ የክፋት ዘመን እውነት በተባለው እግር ብቻ ቆሟል፤ ንጉሥ ፓሪክሺትም ይህን ኮርማ ሲደበድብ ያገኘውን ክፉ መንፈስ ሰይፍ መዞበት እንደ ነበር ይተረካል። በዚህ ታሪክ ላይ የሚሰብኩ መምህራን ላም ወተት ስለምትሰጥ እናት ከሆነች፣ እህል የሚያርሰው በሬ አባት ነው ይላሉ፤ አባትን ስለ ደከመ ማስወጣት እንዴት ይቻላል የሚል ጥያቄም ያስከትላሉ።

## ቀንበር የሚወርድበት ቀን

ለገበሬው ይህ ሁሉ ትምህርት በበዓል መልክ ነው የሚደርሰው። በማሃራሽትራ፣ የዝናቡ ወራት ተጋምሶ ከባዱ የእርሻ ሥራ ሲያበቃ፣ ሽራቫን በተባለው ወር ጨረቃ በምትጠፋበት ቀን ፖላ የተባለው የበሬዎች በዓል ይከበራል። በዋዜማው ቀንበር ሲያሻሸው የከረመው የበሬው ጫንቃ በእርድና በቅቤ ይታሻል፤ በማግስቱ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ አሮጌው የአፍንጫ ገመድ ወጥቶ አዲስ ይገባለታል፤ ቀንዱ ቀለም ይቀባል፤ በጀርባው ያሸበረቀ ጨርቅ ይጣላል። በሬዎቹ በከበሮ ታጅበው መንደሩን ከዞሩ በኋላ የቤቱ እመቤት እግራቸውን አጥባ፣ መብራት አዙራ፣ ከክክና ከስኳር የተዘጋጀ ጣፋጭ ቂጣ በእጇ ታጎርሳቸዋለች። በዚያ ቀን በሬ መጥመድ ክልክል ነው። ጥንድ በሬ የሌለው ደሃም ከጭቃ ሠርቶ ያከብራል፤ በናግፑር አካባቢ ደግሞ ለልጆች ከእንጨት የተቀረጹ በሬዎች የሚወጡበት ተከታይ በዓል አለ።

በታሚል ናዱ፣ በጥር ወር አጋማሽ በሚከበረው የፖንጋል የመከር በዓል ከብቶች የራሳቸው ቀን አላቸው፤ በወተትና በአገዳ ስኳር የተቀቀለ አዲስ ሩዝ ይቀርብላቸዋል። በዚሁ ሰሞን ጎረምሶች የሚሮጥን ኮርማ ሻኛ አንቀው ለመያዝ የሚሽቀዳደሙበት ጃሊካቱ የተባለ ጨዋታ ይካሄዳል። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ጨዋታው ኮርማውን ማስጨነቅ ነው ብለው ከስሰው በ2014 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገደው፤ በጥር 2017 በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ እጅግ ብዙ ወጣቶች ለቀናት ተሰብስበው በመቃወማቸው የክልሉ መንግሥት ሕግ አሻሻለ፤ በ2023ም ፍርድ ቤቱ ማሻሻያውን አጸደቀ። ኮርማ አርቢዎቹ የሚያቀርቡት ክርክር ሊናቅ የሚገባው አይደለም፦ ትራክተር በገባበት አገር ወንድ ከብት እንዲያድግ ምክንያት የሆነው ይህ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ጨዋታው ከቀረ ወይፈኑ ገና በጥጃነቱ ለቄራ ይሸጣል ይላሉ።

> ጥንድ በሬ የሌለው ደሃ ከጭቃ ሠርቶ ያከብራል።

## ከመሥዋዕት ወደ ክልከላ

ባለ ሻኛው የከብት ዘር ከ8,000 ዓመታት ገደማ በፊት በኢንዱስ ሸለቆ ዳርቻ፣ በአሁኗ ፓኪስታን ምድር እንደ ተላመደ የመሬት ቁፋሮ ማስረጃዎች ያመለክታሉ፤ በኢትዮጵያ መስኮች የሚግጡት ባለ ሻኛ ከብቶችም ከዘር ሐረጋቸው ከፊሉ ወደዚያው ይመዘዛል። ይሁንና አንድ ዓይነት ከብት በአንዱ አገር የበዓል ፍሪዳ፣ በሌላው እናት የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። በጥንታዊው የቬዳ ዘመን ላም የሀብትና የስጦታ መለኪያ የነበረች ቢሆንም፣ ከብት ለመሥዋዕት ይታረድ እንደ ነበር የታሪክ ምሁሩ ዲ. ኤን. ጃ በዚህ ክፍለ ዘመን መግቢያ ባሳተሙት መጽሐፍ ከራሳቸው ከሳንስክሪት ጽሑፎች አሳይተዋል፤ መጽሐፉም በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሷል። ቡድሂስቶችና ጃይኖች ያስፋፉት አሂምሳ፣ ማለትም ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ አለመጉዳት የሚለው ትምህርት፣ እየሰፋ ከመጣው የእርሻ ኑሮና ከክሪሽና አምልኮ ጋር ተዳምሮ ቀስ በቀስ ዕርዱን ወደ ነውርነት ለወጠው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ማርቪን ሃሪስ በ1960ዎቹ ክልከላው ከሃይማኖት ይልቅ ከኢኮኖሚ የመጣ ነው፣ በድርቅ ዓመት በሬውን ያረደ ገበሬ ዝናብ ሲመለስ የሚያርስበት አይኖረውም ብሎ ተከራክሯል። ሐሳቡ ብዙ ያስረዳል፤ ገበሬው ለሞተ በሬ ለምን እንደሚያለቅስ ግን አያስረዳም።

በቅኝ ግዛት ዘመን ላም የፖለቲካ ምልክት ሆነች። አርያ ሳማጅ የተባለው የሂንዱ ተሐድሶ ንቅናቄ መሥራች ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የላም ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1893 በላም ዕርድ ሰበብ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ደም አፋሳሽ ግጭት ተነሣ። ማሕተማ ጋንዲ የላም ጥበቃን የሂንዱነት ዋና ፍሬ አድርጎ ቢያየውም፣ ወቀሳውን በቅድሚያ ያነጣጠረው በራሱ ሃይማኖት ተከታዮች ላይ ነበር፤ በሬ ከአቅሙ በላይ የሚጭኑትን፣ በዱላ የሚቀጠቅጡትንና የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ላሚቱን የሚያሠቃዩትን ነቅፏል፤ በዚሁ ማሠቃየት የተነሣም የላምና የጎሽ ወተት ላለመጠጣት ማለ። ይህ የጋንዲ ሐሳብ ክፍል በኋላ ዘመን ከሌላው ይልቅ መዘንጋቱ ያሳዝናል።

## ሞፈር ያጣው በሬ

የሕንድ ሕገ መንግሥት 48ኛ አንቀጽ፣ መንግሥት ላሞችን፣ ጥጆችንና ሌሎች የሚታለቡና የሚጠመዱ ከብቶችን ከዕርድ ለመጠበቅ እንዲጥር ያዛል። ሕጉን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ ክልል ስለሆነ፣ በኬረላና በብዙ የሰሜን ምሥራቅ ክልሎች ሲታረድ በሌሎች ዕርዱ እስር ያስከትላል። በዚህ ሙግት ውስጥ የበሬው ነገር የተለየ መልክ ነበረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 ላምና ጥጃ ማረድን መከልከል ተገቢ ነው፣ ለሥራም ለርቢም የማይረባውን በሬና ኮርማ ማረድን ፈጽሞ መከልከል ግን የሥጋ ነጋዴዎችን መብት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በ2005 ይኸው ፍርድ ቤት በሰባት ዳኞች ችሎት ቀድሞ የፈረደውን ለወጠ፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም ያረጀ በሬ እንኳ እበትና ሽንት ስለሚሰጥ የማይረባ ሊባል አይችልም የሚል ነበር። ማሃራሽትራም በ2015 ክልከላውን ወደ በሬና ኮርማ አስፋፋች።

ፍርዱ በሬውን ከቢላ ቢያድነውም መኖ አልሰፈረለትም። በአንድ ወገን ትራክተሩ ማሳውን ወረሰው፤ በሌላ ወገን ከ1970 ጀምሮ የተካሄደውና ቨርጊስ ኩርየን የመሩት የወተት ልማት ዘመቻ ሕንድን የዓለም ቀዳሚ ወተት አምራች አደረጋት፤ ላም ወተት የምትሰጠው ደግሞ ስትወልድ ነውና፣ ከሚወለዱት እኩሌታ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። ቀድሞ ገበሬው ያረጀውን በሬ ሸጦ በዋጋው ላይ ጨምሮ ወይፈን ይገዛ ነበር፤ ዕርዱ በተከለከለበት፣ ከብት የሚያጓጉዙ ነጋዴዎችም በጎዳና ላይ በሚደበደቡበት አገር ግን ገዢ የለም። ስለዚህ ገበሬው በሌሊት የበሬውን ገመድ ፈትቶ ይለቀዋል። በ2019 በተደረገው የከብት ቆጠራ ባለቤት አልባ ሆነው የሚንከራተቱት ከብቶች 5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በኡታር ፕራዴሽ ገበሬዎች አዝመራቸውን ከእነዚህ ከብቶች ለመከላከል በሽቦ ያጥራሉ፤ በብርድ ሌሊት ማማ ላይ ያድራሉ፤ የመንግሥት ጊዜያዊ መጠለያዎችም ብዙ ጊዜ ሞልተው ይገኛሉ። በከተማ ደግሞ ከቆሻሻ ክምር የሚመገቡት ላሞች ፌስታል ይውጣሉ፤ የእንስሳት ሐኪሞች ከጨጓራቸው ብዙ ኪሎ ግራም የሚመዝን የላስቲክ ጓል ያወጣሉ። የወተት ገበሬዎችና መንግሥት አሁን ተስፋ ያደረጉበት መላ ሴት ጥጃ ብቻ እንዲወለድ የተለየ የኮርማ ዘር ማዳቀያ ነው፤ የናንዲ አገር መፍትሔ ኮርማ እንዳይወለድ ማድረግ መሆኑ ጥቂት ካህናትን ሳያሳስብ አልቀረም።

> ፍርዱ በሬውን ከቢላ ቢያድነውም መኖ አልሰፈረለትም።

ያረጁ ከብቶችን መጦር አዲስ ነገር አይደለም፤ በጉጃራት ፒንጅራፖል የሚባሉትና በአብዛኛው በጃይን ነጋዴዎች የሚደገፉት መጦሪያዎች ከዘመናት በፊት የነበሩ ናቸው፤ የቦምቤይም በ1834 ነው የተመሠረተው። የድሮዎቹ መጦሪያዎች ግን የሚቀበሉት ከአካባቢያቸው የደከሙትን እንጂ የአንድ ኢንዱስትሪን ትርፍ ወንድ ከብት ሁሉ አልነበረም። ከአሁኖቹ ጎሻላዎች መካከል ንጹሕና ሐኪም ያላቸው እንዳሉ ሁሉ፣ ከብቶች በጭቃ ውስጥ ተፋፍገው በረኃብ የሚያልቁባቸውም አሉ፤ በጎ ፈቃደኞች እንደሚሉትም፣ ወተት ለምትሰጥ ቆንጆ ላም ስጦታ የሚያመጣው ሰው ብዙ ሲሆን ዓይኑ ለጠፋ ሽማግሌ በሬ የሚያመጣው ጥቂት ነው።

## ሬሳውን የሚያነሣው

ላም ስትሞት ሬሳዋን ከመንደር የማውጣትና ቆዳዋን የመግፈፍ ሥራ የተጣለው ዳሊት በሚባሉት፣ ቀድሞ «የማይነኩ» እየተባሉ ሲገለሉ በኖሩት ወገኖች ላይ ነው፤ የላምን ቅድስና የሚመሰክረው ማኅበረሰብ ሬሳዋን የሚነካውን ሰው ያረክሰዋል። በ2016 በጉጃራት ኡና በተባለ ቦታ የሞተ ላም ቆዳ ሲገፍፉ የነበሩ ዳሊት ወጣቶች ላም ገድላችኋል ተብለው በአደባባይ ተገረፉ፤ ድርጊቱ በተንቀሳቃሽ ምስል ሲሰራጭ ዳሊቶች የከብት ሬሳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጥለው፣ እናታችሁ ከሆነች እናንተው ቅበሯት በማለት ሥራውን አቆሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዳድሪ አንድ ሙስሊም የላም ሥጋ በቤቱ አለ በሚል ወሬ በመንጋ ተደብድቦ ተገድሏል። አስቀድሞ የተጠቀሱት የብራጅ አገልጋዮች ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ድርጊት ሲሰሙ ያፍራሉ፤ በእነርሱ አመለካከት ሴቫ በገዛ እጅ የሚሠራ እንጂ በሰው ላይ የሚመዘዝ አይደለም። እንደዚህ የማያስቡ እንዳሉም መሸሸግ አይገባም።

## ሻምቦና ጋንጎትሪ

ይህ እምነት ከሕንድ ውጭ የተፈተነበት ጉልህ ዓመት 2007 ነው። በዌልስ ስካንዳ ቬል በተባለው ገዳም የሚኖረው ሻምቦ የተባለ ጥቁር ኮርማ በከብት ሳንባ ነቀርሳ መያዙ በምርመራ ታውቋል በመባሉ እንዲወገድ ታዘዘ። መነኮሳቱ ለይተን እናክመዋለን ብለው ተከራክረው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ፤ ፍርዱ ግን በይግባኝ ተገለበጠባቸውና በሐምሌ ወር ምእመናን በጸሎት ተቀምጠው ሳለ ፖሊስ ጥሶ ገብቶ ኮርማው ተወሰደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በለንደን አቅራቢያ፣ በ1973 ጆርጅ ሃሪሰን ለሃሬ ክሪሽና ማኅበር በሰጠው የባክቲቬዳንታ ማኖር ግቢ፣ ተጎድታ መቆም ያቃታትና ከዓመት በላይ በአልጋ እንደ ወደቀ ሰው የተጦረችው ጋንጎትሪ የተባለች ላም፣ መነኮሳቱ በጸሎት ላይ ሳሉ በአንድ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ሠራተኞችና ሐኪሞች በመርፌ ተገደለች። ሐኪሞቹ ሥቃይዋን ማሳጠር ርኅራኄ ነው አሉ፤ መነኮሳቱ ደግሞ ርኅራኄ ማለት እያገላበጡ፣ ቁስሏን እያጠቡ፣ ሞቷ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ አብሯት መቀመጥ ነው አሉ። ሁለቱም ወገኖች እንስሳ ወዳጅ ነን ባዮች ነበሩ። ድርጅቱ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ላም በስጦታ አበርክቷል።

በዚያ ግቢ በሬዎች ዛሬም ቀንበር ተጭነው ያርሳሉ፣ ሰረገላም ይጎትታሉ፤ ወንድ ከብት እንዲኖር ሥራ ሊኖረው ይገባል የሚለው የማኅበሩ መምህራን አቋም ነው። ከዚህ አስተሳሰብ የተወለዱ በእንግሊዝ የሚገኙ ጥቂት የወተት እርሻዎች ምንም ከብት ሳያርዱ፣ ጥጃን ከእናቱ ሳይለዩ ወተት ይሸጣሉ፤ በዋጋው ውስጥ የበሬዎቹ ቀለብና የነጠፉት ላሞች ጡረታ ስለሚታሰብ፣ ወተቱ ከሱቅ ወተት በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ከምእመናኑ መካከል ዋጋውን ከፍለው የሚወስዱ አሉ፤ ከመደበኛው ሱቅ ገዝተው ለአምላካቸው የሚያቀርቡም አሉ፤ አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ላሚቱ ከዕርድ የማትድንበትን ወተት በክሪሽና ፊት ከማኖር የአልሞንድ ወተት ይሻላል እያሉ፣ ቅቤ ሌባ ለሆነው አምላክ ቅቤ የሌለበት ማዕድ ማቅረብ ጀምረዋል፤ ከሽማግሌዎቻቸው መካከልም ይህን የማይፈቅዱ አሉ።